ዘይቱ ጥሩ ነው፣ ወረቀቱ ይነሳ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ጥቁር አዝሙድ በራሱ መጭመቂያ ጨምቆ ዘይቱን የሚሸጥ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ አለ። ከዚህ ሱቅ መግዛት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ወደፊትም እገዛለሁ። ይህን አስተያየት ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ግን ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ምክንያት ነው። «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለአስም፣ ለካንሰር ፍቱን» ይላል። ታላቅ እህቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን በመከታተል ላይ ናት። ሊጠይቋት የሚመጡ ዘመዶችና ጎረቤቶች ድሮ ለታመመ ሰው ብርቱካንና ወተት ይይዙ ነበር፤ አሁን ይህን ጠርሙስ በፌስታል አንጠልጥለው ይመጣሉ። ሁሉም ከልባቸው ነው። የኬሚስትሪ መምህርት በመሆኔ «ልጠጣው ወይስ ልተወው?» ብላ የምትጠይቀው እኔን ነው። ለእሷ የሰጠኋት መልስ የታመመ ሰው ያለበትን ሌላ ቤትም ሊጠቅም ይችላል ብዬ አሰብኩ። የሱቁን ስም የማልጠቅሰው ያንኑ ዓይነት ወረቀት በሌሎች ሱቆችም ስላየሁ ነው፤ አንዱን ለይቶ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም።

በቅድሚያ የሚመሰገነው ይመስገን። ባለቤቱን ሰፈርተኛው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ዘሩን አበጥረው፣ ጠጠሩንና ገለባውን አስለቅመው ነው የሚጨምቁት። ለመግዛት ስሄድ ከጆንያው ትንሽ ዘግነው መዳፌ ላይ ያደርጉልኛል። ጥሩ ጥቁር አዝሙድ ድብን ያለ ጥቁር፣ ጠርዝ ጠርዝ ያለው ፍሬ ነው፤ በሁለት ጣት ሲያሹት ሽታው ወዲያው ብድግ ይላል። የከረመ ወይም እርጥበት የነካው ከሆነ አፈር አፈር ይላል። መጭመቂያው ትንሽ ነው። ዘሩ ከላይ ይገባል፣ ዘይቱ በአንድ በኩል እየተንጠባጠበ ይወርዳል፣ ፋጉሎው በሌላው በኩል ደርቆ ይወጣል። ፋጉሎውን ከብት የሚያደልቡ ሰዎች ይወስዱታል። ሐጂ ዘሩን ሳይቆሉ ነው የሚጨምቁት፤ መጭመቂያውም ሲግል ያሳርፉታል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ዋነኛ ንጥረ ነገር ሙቀት አይችልምና።

ገና የወጣው ዘይት ድፍርስ ነው። ሲቀመጥ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ያለው ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ይሆናል። አፍ ሲነካ በመጀመሪያ ይመራል፣ ቀጥሎ ጉሮሮን ይከረክራል፣ ከዚያ ሽታው በአፍንጫ ይወጣል። ጉሮሮ ሳይከረክር ለስለስ ብሎ የሚወርድ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ካጋጠማችሁ ወይ ሌላ የምግብ ዘይት ተደባልቆበታል፣ ወይ ከርሟል ብላችሁ ጠርጥሩ። ዋጋው ውድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከዘሩ ክብደት ሲሶ ያህሉ ዘይት ቢሆንም በእንዲህ ዓይነት ትንሽ መጭመቂያ ሁሉም አይወጣም። ከአንድ ኪሎ ዘር ሩብ ሊትር ከተገኘ ጥሩ ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ስትገዙ የምትከፍሉት የአንድ ኪሎ ንጹሕ ዘር ዋጋና የጨማቂውን ድካም ነው።

አስተሻሸጉ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ዘይቱ የሚቀዳው ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሆን ጠርሙሶቹም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ይደረደራሉ። ለዓይን ያምራሉ፤ ለዘይቱ ግን ጉዳት ነው። ያንን የሚከረክር ጠባይና ሽታ ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ዋነኛው ታይሞኪኖን ይባላል፤ ብርሃን ሲመታው ተለውጦ ሌላ ነገር ይሆናል። ወረቀቱ ፈውስ አለው የሚለው ንጥረ ነገር እዚያው መስኮት ላይ እየተበላሸ ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ሐጂ ቅር አላላቸውም። ከጓዳ፣ ካርቶን ውስጥ ከተቀመጠው አውጥተው ከቤት በያዝኩት ቡናማ ጠርሙስ ቀዱልኝ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። «ለካንሰር» የሚለው ቃል ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ሰዉ ያለ ምክንያት አላመነውም። ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ የተወሳ ዘር ነው፤ እኛ ወሎዎች ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዳቦው፣ በበርበሬው፣ በጉንፋኑ ጊዜ ስናውቀው የኖርን ነን። በዚያ ላይ ሳይንሱም አንድ ነገር ይላል። ታይሞኪኖንን በ1963 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከግብጽ ጥቁር አዝሙድ ለይተው ያወጡት ኤል-ዳኻኽኒ የተባሉ ተመራማሪ ናቸው። ሞለኪዩሏ ትንሽ ናት፤ አሥር ካርቦን፣ አሥራ ሁለት ሃይድሮጅን፣ ሁለት ኦክስጅን። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ቤተ ሙከራዎች ውስጥ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ተሞክራለች።

የታየው ነገር በእርግጥ ያስደንቃል። ጤነኛ የሰውነት ሕዋስ የዘር ውርስ የሚይዘው ዲኤንኤው ክፉኛ ሲጎዳ ራሱን በሥርዓት የሚያጠፋበት መንገድ አለው። ይህን ከሚቆጣጠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ፒ53 ይባላል። የካንሰር ሕዋስ ከዚህ ሥርዓት ያመለጠ ሕዋስ ነው፤ መሞት ሲገባው አይሞትም፣ መቆም ሲገባው ይባዛል። በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ ባደጉ የአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ታይሞኪኖን ሲጨመር ፒ53 ከፍ ብሎ፣ ሕዋሳቱ መባዛታቸውን አቁመው፣ ራሳቸውን ወደ ማጥፋት ሲገቡ ታይቷል። በሌሎች ሙከራዎችም ሕዋሳቱ ውስጥ ኃይለኛ የኦክስጅን ውላጆች እንዲበዙና ከውስጥ እንዲያቃጥሏቸው ያደርጋል፤ ደግሞም ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባለውን፣ የካንሰር ሕዋስ በሕይወት እንዲቆይ የሚያግዝ መልእክት ያዳክማል። ይህን አንብቦ ተስፋ የሚያደርግ ሰው አይወቀስም። እኔም ተስፋ አድርጌ ነው ያነበብኩት።

ነገር ግን ሳህን ሰውነት አይደለም። በሳህን ውስጥ ንጥረ ነገሩ በቀጥታ ሕዋሱ ላይ ይፈስሳል፤ መጠኑንም የሚወስነው ተመራማሪው ነው። በአፍ የተዋጠ ዘይት ግን በሆድና በአንጀት ያልፋል፣ ጉበት ይለዋውጠዋል፣ ወደ ደም የገባውም አልቡሚን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ነጻ ሆኖ ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። ዘይቱ ውስጥ ያለው የታይሞኪኖን መጠን ደግሞ ከዘር ዘር፣ ከአጨማመቅ አጨማመቅ እጅግ ይለያያል። ወረቀቱ ላይ ይህ መጠን አልተጻፈም። መድኃኒት ነኝ ለሚል ነገር ከሁሉ የከፋው ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

በሰው ላይ አልተሞከረም እንዳይባል፣ ተሞክሯል። በ2009 በወጣ የሳዑዲ ዓረቢያ ጥናት፣ ሌላ ሕክምና አልመልስ ያላቸው፣ በሽታቸው የገፋ 21 የካንሰር ሕሙማን ንጹሕ ታይሞኪኖን በአፍ ወስደዋል፤ መጠኑ እየጨመረ በቀን እስከ 2600 ሚሊግራም ደርሷል። ከባድ ጉዳት አላደረሰባቸውም፤ ይህ መልካም ዜና ነው። ካንሰሩ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ከተማሪዎቼ ጋር እንደምሠራው እስኪ እናስላው። የሐጂ ዘይት አንድ በመቶው ታይሞኪኖን ነው ብለን ብንገምት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም አምስት ሚሊ ሊትር፣ 46 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። እነዚያ ሕሙማን የደረሱበት መጠን ላይ ለመድረስ በቀን ከሃምሳ አምስት በላይ የሻይ ማንኪያ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ይህ ሩብ ሊትሩን ጠርሙስ ጨርሶ ሌላ መክፈት ነው። ያም ተጠጥቶ የሚጠበቀው ውጤት በዚያ ጥናት አልተገኘም። በዚህ የተነሳ እህቴን «ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ጠጥተሽ ካንሰሩን ያጠፋልኛል ብለሽ እንዳትጠብቂ» ብያታለሁ።

እርዱ ላይም ያው ወረቀት ተለጥፏል። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ታሪኩ ተመሳሳይ ስለሆነ አልደግመውም፤ እሱም በሳህን ኃይለኛ ነው፣ በአፍ ሲወሰድ ግን ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው።

እህቴ ይህን ስነግራት ከፋት። «እንግዲያው ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ስለምትወስደው ኬሞ የነገርኳት። በደም ሥሯ ከሚገቡት መድኃኒቶች አንዱ ፓክሊታክሴል ነው። ይህ መድኃኒት የተገኘው ከዛፍ ልጣጭ ነው። በ1962 በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ከሚበቅል የፓስፊክ ዩ ከሚባል ዛፍ ልጣጭ ተሰበሰበ። ሞንሮ ዎል እና ማንሱክ ዋኒ የሞለኪዩሉን አወቃቀር በ1971 አሳተሙ። በ1979 ሱዛን ሆርዊትዝ ካንሰሩን እንዴት እንደሚገድል አሳየች፤ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን የሚጎትቱ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አሉ፣ ፓክሊታክሴል እነዚህን ክሮች ያጠነክርና እንዳይፈቱ ያደርጋቸዋል፣ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ለማህፀን እንቁላል አመንጪ አካል ካንሰር የተፈቀደው በ1992፣ ለጡት ካንሰር በ1994 ነው። ከልጣጩ እስከ ታማሚዋ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የተሠራው ሥራ ሌላ ምንም አይደለም፤ ምን ያህሉ ይገድላል፣ ምን ያህሉ ያድናል፣ በየስንት ቀኑ፣ በምን ተበጥብጦ የሚለውን መለየት ነው። የእህቴ መጠን የተሰላው በቁመቷና በክብደቷ ነው። «ስለዚህ እትዬ፣ አንቺ የዕፅዋት መድኃኒት እየወሰድሽ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ለጠያቂዎቿ የምትነግራቸው ይህንን ነው፤ በኩራት ትነግራቸዋለች።

ከዚህ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን የእኛው አገር ተክል ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አንባቢ ይታገሠኝ። ገጠር ያደገ ሰው አጣጥ የሚባለውን ቁጥቋጦ ያውቃል። ሳይንቲስቶች ማይቴነስ የሚሉት ወገን ነው። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የዚህ ወገን ተክል ማይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር አወጡ። የካንሰር ሕዋስን በመግደል እጅግ ኃይለኛ ሆኖ ተገኘ። እሱም የሚያጠቃው እነዚያኑ የፕሮቲን ክሮች ነው፤ ግን ፓክሊታክሴል ሲያጠነክራቸው ማይታንሲን ከነጭራሹ እንዳይሠሩ ይከለክላል። ታላቅ ተስፋ ተጣለበትና በሰው ላይ ተሞከረ። አልሆነም። ታማሚውን ራሱን ጎዳ፤ ማስታወኩና ተቅማጡ፣ ድካሙ፣ የነርቭ ጉዳቱ በረታ፣ ካንሰሩን ለመርታት በሚያስችል መጠን መስጠት አልተቻለም። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ቀረ።

የተመለሰው በሌላ ዘዴ ነው። አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ገጻቸው ላይ ሄር2 የሚባል ፕሮቲን ከመጠን በላይ ያበዛሉ። ትራስቱዙማብ የሚባል አንቲቦዲ ይህን ፕሮቲን ፈልጎ ይይዛል። ተመራማሪዎቹ ከማይታንሲን የተወለደ ሞለኪዩል በዚህ አንቲቦዲ ላይ አሰሩት፤ መርዙ አድራሻ እንደተጻፈበት ፖስታ ወደ ካንሰሩ ሕዋስ ይሄዳል፣ የሚፈታውም በዋናነት እዚያ ውስጥ ነው። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2013 ነው። ዛሬ ሄር2 ያለበት የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች በብዙ አገር ይታከሙበታል። ከአገራችን ቁጥቋጦ የተነሳ ነገር ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ይህን አንብቦ አጣጥ የሚቀነጥስና የሚያፈላ ሰው እንዳይኖር ግን አደራ እላለሁ፤ ንጥረ ነገሩ ብቻውን ሲሰጥ የሆነውን አይተናል፤ በሐኪም ዓይን ሥር፣ ተለክቶ እንኳ ሰውን ጎድቷል።

ወደ ዘይቱ ልመለስና ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝን ልናገር። «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጤነኛ ለሆነ ሰው፣ በምግብ መጠን፣ እውነታቸውን ነው። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ጉዳዩ ይለያል። ጉበታችን ውስጥ መድኃኒትን የሚለዋውጡ ኢንዛይሞች አሉ። ጤነኛ ሰዎች ለአንድ ሳምንት የጥቁር አዝሙድ ዱቄት ወስደው በተደረገ ጥናት ሲዋይፒ2ዲ6 እና ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባሉት ኢንዛይሞች ሥራ ቀንሶ ታይቷል። ሁለተኛው ፓክሊታክሴልን ከሰውነት ከሚያስወግዱት አንዱ ነው፤ እሱ ሲዳከም መድኃኒቱ ከታሰበው በላይ በሰውነት ሊቆይ ይችላል። የመጀመሪያው ደግሞ ብዙ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከኬሞ በኋላ ለዓመታት የሚውጡትን ታሞክሲፈን ወደ ዋነኛው ሠራተኛ መልኩ፣ ወደ ኤንዶክሲፈን፣ የሚለውጠው ነው። እሱ ከተዳከመ ታማሚዋ ክኒኗን በየቀኑ ሳታጓድል እየዋጠች የምታገኘው ጥቅም ሊቀንስ ይችላል። ይህ በዓይን የማይታይ ጉዳት ነው፤ አያምም፣ አያሳብጥም። ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ዘይቱን የሚጠረጥር አይኖርም።

ጠርሙሱን ይዘን ለሐኪሟ አሳየን። ሐኪሟ አልተቆጡንም፤ ጥሩ አደረጋችሁ አሉ። ዳቦ ላይ የሚነሰነሰውና በርበሬ ውስጥ ያለው ችግር የለውም፣ በማንኪያ የሚጠጣው ዘይት ግን ሕክምናው እስኪያልቅና መድኃኒቷ እስኪወሰን ይቆይ አሉ። እህቴ ከኬሞ በኋላ አፏ ብረት ብረት ይላታል፣ ምግብ ይጠላታል፤ ከሁሉ የሚበላላት ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ድፎ ዳቦ ነው። ዘሩን ከሐጂ ነው የምገዛላት።

ለሐጂም ይህንኑ ነገርኳቸው። «ሐጂ፣ ይህን ወረቀት ማን ጻፈልዎ?» አልኳቸው። ማተሚያ ቤት ሲሄዱ ከሌላ ጠርሙስ ላይ ገልብጠው እንዳተሙላቸው ነገሩኝ። የእህቴን ነገር ሲሰሙ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽራት» አሉና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በእኔ ጠርሙስ ላይ «ለካንሰር» የሚለውን ሰረዙት። ሰውየው ቅን ናቸው፤ ሊያታልሉ የተነሱ አይደሉም። ነገር ግን መስኮቱ ላይ ያሉት ጠርሙሶች እንደነበሩ ናቸው፤ የታተመውም ወረቀት ገና ብዙ ነው። እስኪያልቅ እንለጥፈው ማለት ተገቢ አይመስለኝም፤ ያንን አንብቦ ኬሞውን ሊያቋርጥ የሚችል አንድ ሰው ከታተመው ወረቀት ሁሉ ዋጋ ይበልጣል። ደግሞ ሰዎች የሚያቋርጡት አውቀው አይደለም። ሕክምናው ፀጉር ያረግፋል፣ ያስመልሳል፣ ገንዘብ ይጨርሳል፤ በጎን ደግሞ የማያሳምም፣ ከገበያ የሚገዛ ጠርሙስ «ፍቱን» ነኝ ይላል። የደከመ ሰው ወደየትኛው እንደሚያዘነብል መገመት አያስቸግርም።

እንግዲህ ለምግብ፣ ለዳቦ፣ ለሰላጣ፣ ለጉንፋን ሰሞን ከማር ጋር ጠብ አድርጎ ለመቅመስ ከሆነ ከዚህ ሱቅ የተሻለ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በደሴ አላገኘሁም፤ ያለ ማመንታት ግዙ እላለሁ። ቡናማ ጠርሙስ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመስኮቱ ሳይሆን ከጓዳው እንዲቀዱላችሁ ጠይቁ። መቼ እንደተጨመቀ ብትጠይቋቸው በግልጽ ይነግሯችኋል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የምትመጡ ዓርብ ቀን ለጁምዓ ስለሚዘጉ ማልዳችሁ ብትደርሱ ይሻላል። የምትገዙት ለታመመ ሰው ከሆነ ደግሞ ዘሩን ውሰዱለት፤ ዘይቱን ግን የሚያክመው ሐኪም አይቶት ይሁን።